የሞተር ብስክሌት መሪ፦ ልኩ የማን ነው?

ከድሬዳዋ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሐርላ ሲነገር የኖረ አንድ ትውፊት አለ። በአካባቢው የሚታዩት የጥንት ግንቦች የተካቡባቸው ድንጋዮች ትልልቅ በመሆናቸው፣ «እነዚህን አንሥተው የካቡት ሰዎች ግዙፋን ነበሩ» ይባላል። በእንግሊዝ አገር የኤክስተር ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የመሩትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነው የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ፣ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የታነጸ መስጊድ፣ ከሩቅ አገር የመጡ ዶቃዎችና የመቃብር ሥፍራ አግኝቷል። የአንዳንዶቹ ሙታን አፅም ሲመረመር ግን ቁመታቸው ከማናቸውም ሰው የተለየ ሆኖ አልተገኘም። ግዙፎቹ ከድንጋዩ ትልቅነት ተነሥተን በሐሳባችን የፈጠርናቸው ነበሩ።

አንድን ዕቃ አይቶ የሠራውን ወይም የተሠራለትን ሰው አካል መገመት የቆየ ልማድ ነው። በዚያው በሐርላ አካባቢ ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ የሚወጣውን ጠመዝማዛ አቀበት በሞተር ብስክሌት የሚመላለስ ሰው ስንመለከትም ተመሳሳይ ጥያቄ ሊነሣብን ይገባል። ፋብሪካው ይህን መሪ ሲያጥፍ በሐሳቡ የያዘው የማንን ክንድ፣ የማንን ትከሻ፣ የማንን ወገብ ነበር? አሽከርካሪው ከመንገድ ሲመለስ እጁ ደንዝዞ፣ አንገቱ ደርቆና ወገቡ ተቆርጦ የሚወርድ ከሆነ፣ ጥፋቱ የአካሉ ድካም ብቻ ላይሆን ይችላል። መሪው ለሌላ ሰው ልክ የተሠራ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ የሞተር ብስክሌት መሪ ከአሽከርካሪው አካል ጋር ያለውን ግንኙነት በቀላል የፊዚክስና የሥነ አካል ዕውቀት እንመረምራለን፤ ቀጥለንም ተስማሚ መሪ እንዴት እንደሚመረጥ በቅደም ተከተል እናሳያለን።

መሪ ሁለት ሥራ አለው

ስሙ እንደሚያመለክተው መሪ አቅጣጫ ለማስያዝ የተሠራ ነው። በተግባር ግን ሁለተኛ ሥራ አለው፤ ወደ ፊት ያዘነበለ አሽከርካሪ የአካሉን ክብደት በከፊል የሚያሳርፍበት ምርኩዝ ነው። እነዚህ ሁለት ሥራዎች እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። ክብደት የተሸከመ እጅ ደርቆ ይቀመጣል፤ የደረቀ ክንድ ደግሞ ጎማው ጉድጓድ በመታ ቁጥር የአካሉን መናወጥ ወደ መሪው፣ የመሪውንም መናወጥ ወደ አካሉ ያስተላልፋል።

ይህን ግጭት የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎችም ያወቁት ይመስላል። ጀርመናዊው ካርል ፎን ድራይስ እ.ኤ.አ. በ1817 ለሕዝብ ያሳየው፣ የብስክሌት አያት ተብሎ የሚቆጠረው ባለ ሁለት ጎማ የእንጨት መጋለቢያ፣ ፔዳል አልነበረውም፤ ጋላቢው መሬቱን በእግሩ እየገፋ ይሄድ ነበር። ድራይስ ለጋላቢው ክንዶች ማሳረፊያ የሚሆን አግድም ሰሌዳ ሠርቶ፣ አቅጣጫ ማስያዣውን ዘንግ ለብቻው አደረገው። ኋላ የመጡት ብስክሌቶችና ሞተር ብስክሌቶች ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ቱቦ ላይ ስላዋሐዱ፣ ግጭቱ በአሽከርካሪው መዳፍ ላይ ወደቀ።

ክብደቱ የት ያርፋል?

የአሽከርካሪው አካል ከማሽኑ ጋር በሦስት ሥፍራዎች ይገናኛል፤ እነርሱም መቀመጫው፣ የእግር መርገጫውና መሪው ናቸው። መሪ ሲለወጥ በሦስቱ መካከል ያለው የክብደት ክፍፍል ይለወጣል። ምን ያህል እንደሚለወጥ በቀላል ስሌት እንመልከት።

የአንድ ሰው ራስ፣ ክንዶችና ግንድ በድምሩ ከጠቅላላው መጠነ ቁስ ሁለት ሦስተኛውን ያህል ይይዛሉ። ስለዚህ 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን አሽከርካሪ ከወገቡ በላይ 40 ኪሎ ግራም፣ በክብደት ሲገለጽ 400 ኒውተን ገደማ አለው ማለት ነው። የዚህ ክፍል የስበት ማዕከል ከዳሌው መገጣጠሚያ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል እንበል። ሰውየው ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ ክብደቱ በዳሌው በኩል በቀጥታ ወደ መቀመጫው ይወርዳል። ወደ ፊት ሲያዘነብል ግን ክብደቱ ዳሌውን እንደ መደገፊያ ተጠቅሞ አካሉን ወደ ፊት ለመጣል ይሞክራል። ይህ የማዞር ኃይል፣ ማለትም ቶርክ፣ 400 ኒውተን በ0.30 ሜትር በዝንባሌው ማዕዘን ሳይን ተባዝቶ ይገኛል።

ዝንባሌው 10 ዲግሪ ሲሆን ቶርኩ 21 ኒውተን ሜትር ይሆናል፤ 20 ዲግሪ ሲሆን 41፤ 30 ዲግሪ ሲሆን ደግሞ 60። ይህን የሚቋቋሙት የወገብ ጡንቻዎች ወይም እጆች ናቸው። ጡንቻዎቹ ደክመው ሸክሙን ሁሉ ለእጆች ቢተዉና እጆቹ ከዳሌው 50 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ርቀው ቢገኙ፣ ሁለቱ መዳፎች በድምሩ እንደ ቅደም ተከተላቸው 42፣ 82 እና 120 ኒውተን ይሸከማሉ። የመጨረሻው ቁጥር በእያንዳንዱ መዳፍ ላይ 6 ኪሎ ግራም እንደ ማስቀመጥ ነው። ስኳር ገዝቶ 6 ኪሎ በአንድ እጁ ለአንድ ሰዓት የተሸከመ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ይረዳዋል።

ከዚህ ስሌት የምንገነዘበው፣ መሪው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል ወይም ወደ አሽከርካሪው ቢቀርብ የግንዱ ዝንባሌ በጥቂት ዲግሪ እንደሚቀንስ፣ በእጅ ላይ ያለው ሸክም ግን በጉልህ እንደሚቀንስ ነው።

ቁልቁለቱና ፍሬኑ

እስካሁን ያየነው ሜዳ ላይ ያለ አሽከርካሪ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ የደንገጎ ከፍታ ግን በብዙ መቶ ሜትሮች ይበልጣታል። ስለዚህ ከላይ ወደ ታች የሚመለስ አሽከርካሪ ረጅም ቁልቁለት ይጠብቀዋል።

ማሽኑ ቁልቁል ሲያዘነብል አሽከርካሪውም አብሮ ያዘነብላል። ለምሳሌ በመቶ ሜትር 8 ሜትር የሚወርድ ቁልቁለት ብንወስድ፣ 5 ዲግሪ ያህል ዝንባሌ ይጨምራል። ፍሬን ሲያዝ ደግሞ አካሉ የነበረበትን ፍጥነት ይዞ መቀጠል ስለሚፈልግ ወደ ፊት ይገፋል። በሰከንድ ስኩዌር 3 ሜትር የሆነ መጠነኛ የፍጥነት ቅነሳ፣ በአሽከርካሪው አካል ላይ የሚያሳድረው ውጤት ተጨማሪ 17 ዲግሪ ከማዘንበል ጋር ይቀራረባል።

አሁን ደምረን እንየው። ሜዳ ላይ 15 ዲግሪ የሚያዘነብለው ሰው መዳፎቹ ቢበዛ 62 ኒውተን ይሸከማሉ። ቁልቁለቱ ሲጨመር 82 ይሆናል። በቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ሲይዝ 144 ይደርሳል፤ ከመጀመሪያው ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ልብ እንበል፤ ይህ ሁሉ ሸክም መዳፉ ላይ የሚያርፈው፣ የዚያው እጅ ጣቶች የፊት ፍሬኑን በልክ ማጥበቅና ማላላት በሚኖርባቸው ቅጽበት ነው። በዚህ ምክንያት የመሪ ምቾት ጉዳይ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ያልደከመና ያልደነዘዘ እጅ የፍሬን አካል ነው።

ጉልበቶችን በነዳጅ ማጠራቀሚያው ጎኖች ላይ ማጥበቅ ከዚህ ሸክም ከፊሉን ወደ ጭኖች ያሸጋግራል። ጥሩ መምህር ለጀማሪ አሽከርካሪ ይህን አስቀድሞ የሚያስተምረውም ለዚህ ነው።

እጅ ለምን ይደነዝዛል?

ከክንድ ወደ እጅ የሚሻገሩ ሁለት ዋና ዋና ነርቮች በእጅ አንጓ ውስጥ ጠባብ መተላለፊያዎችን አቋርጠው ያልፋሉ። አንደኛው፣ ሚዲያን የሚባለው፣ ለአውራ ጣት፣ ለአመልካች ጣትና ለመሐል ጣት ስሜት ይሰጣል። ሁለተኛው፣ አልናር የሚባለው፣ ትንሿን ጣትና የቀለበት ጣትን ከፊል ያገለግላል። አንጓው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ታጥፎ ሲቆይ የመጀመሪያው ይጨነቃል፤ በመዳፉ የትንሿ ጣት ወገን ላይ ክብደት ሲያርፍ ወይም አንጓው ወደዚያው ጎን ሲቀለበስ ሁለተኛው ይጨነቃል። ስለዚህ የሚደነዝዙት ጣቶች የትኞቹ እንደሆኑ መመርመር የስሕተቱን ምንጭ ይጠቁማል።

ንዝረትም ችግሩን ያባብሰዋል። በአገራችን በብዛት የሚታዩት ትንንሽ ሞተር ብስክሌቶች ባለ አንድ ሲሊንደር ናቸው። ሞተሩ በደቂቃ 5,000 ጊዜ ሲዞር፣ የፒስተኑ ውጣ ውረድ በሰከንድ 83 ጊዜ ያህል መሪውን ያንቀጠቅጣል። አሽከርካሪው መጨበጫውን አጥብቆ በያዘ መጠን ንዝረቱ ወደ ክንዱ ይበልጥ ይተላለፋል፤ ክብደት የተሸከመ እጅ ደግሞ አጥብቆ መያዙ አይቀርም። በመሪው ጫፎች ውስጥ የሚገቡ የብረት ማክበጃዎች የቱቦውን ንዝረት ይቀንሳሉ። ወፈር ያለ ለስላሳ መጨበጫም ይረዳል። ሁለቱም ግን የተሳሳተ አቀማመጥን አያርሙም።

ድንዛዜው ከሞተር ከወረዱ በኋላም የማይለቅ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ ጉዳዩ የመካኒክ ሳይሆን የሐኪም ነው።

«አማካይ ሰው» የት ይኖራል?

አንድ ተማሪ እዚህ ላይ፣ «ፋብሪካው ለአማካይ ሰው ከሠራው አብዛኛው ሰው ይስማማው የለምን?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ለዚህ ጥያቄ ታዋቂ መልስ የሰጠው የአሜሪካ አየር ኃይል ባልደረባ የነበረው ጊልበርት ዳንኤልስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ከተለኩት 4,063 አብራሪዎች መካከል፣ ቁመትን፣ የደረት ዙሪያንና የእጅ ርዝመትን በመሳሰሉ ዐሥር ልኮች ሁሉ ከአማካዩ አቅራቢያ የሚገኝ ስንት ሰው እንዳለ ፈተሸ። መልሱ ዜሮ ሆነ። ቁመቱ አማካይ የሆነው ክንዱ ይረዝማል፤ ክንዱ አማካይ የሆነው ደረቱ ይሰፋል። ከዚያ ወዲህ የአብራሪ መቀመጫዎችና መቆጣጠሪያዎች እንደ ሰውየው የሚስተካከሉ ሆነው መሠራት ጀመሩ።

እንግዲህ የሐርላው ግዙፍ ከድንጋይ እንደተፈጠረ ሁሉ፣ የፋብሪካው አማካይ ሰውም ከቁጥር የተፈጠረ ነው። ሁለቱንም በአካል ያገኛቸው የለም። በመንገድ ላይ ያለው ሰው ረጅም ክንድ ወይም አጭር፣ ሰፊ ትከሻ ወይም ጠባብ ያለው አንድ የተወሰነ ሰው ነው። መሪ የሚመረጠውም ለእርሱ ነው።

የመሪ አራት ልኮች

ሁለት መሪዎችን ለማነጻጸር የሚከተሉትን አራት ልኮች ማወቅ ያስፈልጋል።

1. ስፋት። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚለካ ሲሆን በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ከ70 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። መሪ እንደ መፈንቅል ስለሚሠራ፣ ሰፊ መሪ በትንሽ ኃይል ይዞራል፤ በኮረኮንች መንገድም ለመቆጣጠር ይመቻል። በአንጻሩ ክንዶች ከትከሻ ስፋት አልፈው ሲዘረጉ በትከሻዎች መካከል ያለው ጡንቻ ይደክማል፤ መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር የውጩ እጅ አይደርስም፤ በመኪናዎች መካከል ማለፍም ያስቸግራል።

2. ከፍታ። ከማሰሪያው እስከ መጨበጫው ያለው የቁመት ልዩነት ነው። ከፍ ያለ መሪ ግንዱን ቀና ያደርጋል። ከመጠን ሲያልፍ ግን ሁለት ጉዳት ያስከትላል። በመጀመሪያ፣ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው የመንገዱን ምት ሁሉ በቀጥታ በአከርካሪው ይቀበላል። ሁለተኛ፣ ደረቱ ለነፋስ ይጋለጣል። የአየር ግፊት በፍጥነት ስኩዌር ስለሚያድግ፣ ፍጥነቱ ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ አሽከርካሪውም ላለመውደቅ መሪውን እየሳበ ይሄዳል። በከተማ ፍጥነት የሚመች መሪ በረጅም አውራ ጎዳና አድካሚ የሚሆነው ለዚህ ነው።

3. ወደ ኋላ መታጠፍ። የመጨበጫዎቹ ጫፎች ወደ አሽከርካሪው የቀረቡበት መጠን ነው። አጭር ክንድ ላለው ሰው ከከፍታ ይልቅ ይህ ልክ ይጠቅመዋል። እጅጉን ሲታጠፍ ግን አንጓው ወደ ጎን ይቀለበሳል፤ በጠባብ ማዞሪያም መጨበጫው ጉልበትን ወይም የነዳጅ ማጠራቀሚያውን ይነካል።

4. የቱቦው ውፍረት። በመጨበጫው ሥፍራ በአብዛኞቹ ሞተሮች 22 ሚሊ ሜትር ነው። በማሰሪያው ሥፍራ ግን 22፣ 25 ወይም 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ሊሆን ስለሚችል ከመግዛት በፊት በካሊፐር መለካት ይገባል። ልዩነቱን በቆርቆሮ ጠቅልሎ መሙላት አደገኛ ነው፤ መሪው በጉዞ ላይ ሊዞር ይችላል።

እንዴት እንምረጥ?

አንደኛ፣ ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት ያለውን እናስተካክል። የማሰሪያውን ብሎኖች ጥቂት አላልቶ መሪውን ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ማሽከርከር ብቻውን መጨበጫውን በጥቂት ሴንቲ ሜትር ያንቀሳቅሰዋል። የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታዎችም ጣቶች ተዘርግተው ሲያርፉባቸው ከክንዱ ጋር በአንድ መስመር እንዲውሉ ይስተካከሉ። ብዙ ጊዜ አንጓን የሚያጥፈው መሪው ሳይሆን የእጀታው አቀማመጥ ነው።

ሁለተኛ፣ እንለካ። ሞተሩን በመካከለኛ ማቆሚያው ወይም በሌላ ሰው እርዳታ ቀጥ አድርገን እናቁመው። አሽከርካሪው በተለመደው ቦታው ተቀምጦ፣ እግሮቹን መርገጫው ላይ አድርጎ፣ ትከሻውን አላልቶና ክርኖቹን ጥቂት አጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ እጆቹን ሳይወጠር ወደ ፊት ይዘርጋ። እጆቹ የቆሙበትን ሥፍራ ሌላ ሰው በሜትር ለክቶ ከመጨበጫው ጋር ያነጻጽር፤ ምን ያህል ከፍ ብሏል፣ ምን ያህል ቀርቧል፣ ምን ያህል ጠብቧል? የግንዱን ዝንባሌ ለማወቅ ከጎን ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ከዳሌ እስከ ትከሻ ያለውን መስመር በቱንቢ ከሚገኘው ቀጥተኛ መስመር ጋር ማስተያየት ይበቃል። መለኪያው ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ አማካዩ ይወሰድ።

ሦስተኛ፣ አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ። ልዩነቱ በከፍታ ብቻ ከሆነ ማሰሪያውን ከፍ የሚያደርግ ለሞተሩ የተሠራ ማሳደጊያ ሊበቃ ይችላል። በርቀት ወይም በስፋት ከሆነ ግን ሌላ መሪ ያስፈልጋል። ከፍታውንም ስፋቱንም መቀመጫውንም በአንድ ቀን የለወጠ ሰው የትኛው እንደጠቀመው ወይም እንደጎዳው አያውቅም። ይህ የማናቸውም ሳይንሳዊ ሙከራ ሕግ ነው።

አራተኛ፣ የተከተሉትን ክፍሎች እንፈትሽ። መሪ ከፍ ሲል ወይም ሲሰፋ የፍሬን፣ የፍሪሲዮንና የነዳጅ መስጫው ካቦዎች እንዲሁም የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹ ያጥራሉ። ሞተሩ ገለልተኛ ማርሽ ላይ ሆኖ በዝግታ ሲሠራ መሪውን ከግራ ጥግ እስከ ቀኝ ጥግ እናዙረው። የሞተሩ ድምፅ በራሱ ከጨመረ የነዳጅ ካቦው ተወጥሯል፤ በዚህ ሁኔታ መንገድ መግባት የለበትም። ካቦው ወይም ሽቦው የሚቆነጠጥበት ሥፍራ እንዳለም እንይ። ስፖኪዮዎቹ እንደገና ይስተካከሉ፤ የማሰሪያው ብሎኖችም እየተፈራረቁ እኩል ይጥበቁ።

አምስተኛ፣ እንሞክረው። በመጀመሪያ መኪና በማይበዛበት ሜዳ፣ በዝግታ፣ በማዞርና ፍሬን በመያዝ ይፈተን፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ቁልቁለት ይኬድ። ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ የትኛው የአካል ክፍል እንደታመመ በማስታወሻ ይመዝገብ። ሕመሙ ከመዳፍ ወደ መቀመጫ አጥንት ከተዛወረ መሪው ከሚገባው በላይ ከፍ ብሏል ማለት ነው።

የማይደረግ ነገር

መሪን ለማስረዘም ቱቦ ቆርጦ መበየድ በርካሽነቱ ምክንያት ያጓጓል። ይሁን እንጂ የብየዳው ሙቀት በዙሪያው ያለውን ብረት ባሕርይ ይለውጠዋል። በዚያ ሥፍራ በንዝረት ምክንያት ለዓይን የማይታይ ስንጥቅ ጀምሮ ቀስ በቀስ ያድግና፣ አንድ ቀን ፍሬን ሲያዝ ወይም ጉድጓድ ሲመታ ቱቦው ይሰበራል። በመውደቅ የተጣመመ መሪም በመዶሻ አይቃናም፤ ይለወጣል። የአሉሚኒየም መሪ ሲሆን ጥንቃቄው ይበልጥ መጥበቅ አለበት።

ለማጠቃለል፣ ከሁሉ የሚሻል መሪ የሚባል ነገር የለም። ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ዓይነት መንገድና ለአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚሻል መሪ ግን አለ። የሚገኘውም በጎረቤት ሞተር ላይ አምሮ የታየውን በመግዛት ሳይሆን የራስን ክንድ በመለካት ነው። መልካሙ መሪ እጅን ከምርኩዝነት ነጻ አውጥቶ ወደ ዋናው ሥራው፣ ወደ መምራት፣ የሚመልስ ነው።

መልመጃ

1. 75 ኪሎ ግራም የሚመዝን አሽከርካሪ ግንዱን 25 ዲግሪ ቢያዘነብል፣ በጽሑፉ የተጠቀምንባቸውን ርቀቶች ወስዳችሁ ሁለቱ መዳፎች ቢበዛ የሚሸከሙትን ኃይል አስሉ። (መልስ፦ 127 ኒውተን ገደማ።)

2. 70 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን መሪ ለማዞር በአንድ ጫፍ 40 ኒውተን ካስፈለገ፣ ስፋቱ 80 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ስንት ያስፈልጋል? (መልስ፦ 35 ኒውተን።)

3. የድሬዳዋ ባጃጆችም የሚመሩት በተመሳሳይ መሪ ነው። ባጃጅ በሦስት ጎማ ስለሚቆም ወደ ጎን ሳያጋድል ይዞራል፤ አሽከርካሪውም ከኋላው መደገፊያ አለው። በዚህ ጽሑፍ ከተነሡት ሐሳቦች የትኞቹ ለባጃጅ ይሠራሉ? የትኞቹስ አይሠሩም? ከአንድ የባጃጅ አሽከርካሪ ጋር ተነጋግራችሁና ለክታችሁ መልሱን በክፍል ውስጥ ተወያዩበት።